ጄኔራሉን እምቢ የሚለው ማን ነው?

ጡረታ የወጡ አንድ ኮሎኔል እና የታሪክ መምህርት የሆነች የእህታቸው ልጅ፣ ከጦር አዛዥነት ወደ ከፍተኛ የፖለቲካ ሥልጣን ስለሚሻገሩ ጄኔራሎች ያደረጉት ምልልስ ነው። መነሻቸው የናይጄሪያው ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ናቸው። እኒህ ሰው ሀገራቸውን አንድ ጊዜ በወታደር ልብስ፣ ሌላ ጊዜ በምርጫ መርተዋል።

መምህርት፦ ጋሼ፣ አንድ ጄኔራል ሥልጣን ሲይዝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ቆራጥ ነው? ሀገር ወዳድ ነው?» እያለ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ሰው ሲሳሳት እምቢ የሚለው ማን አለ? የዚህን መልስ ሳናውቅ ስለ ቆራጥነቱ ብናወራ ምን ይጠቅመናል?

ኮሎኔል፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ግን ወታደሩን ገና ከበሩ እንደ ተጠርጣሪ አታቁሚብኝ። ጦር ሠራዊት ያሳደገው ሰው ቀጠሮ ያከብራል፤ የተሰጠውን ግዳጅ ሳይፈጽም አይተኛም፤ ከየብሔረሰቡ ከመጣ ሰው ጋር በአንድ ምሽግ አድሯል። ኦባሳንጆን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1976 የናይጄሪያ ወታደራዊ መንግሥት መሪ ጄኔራል ሙርታላ ሙሐመድ ሌጎስ ውስጥ በመኪናቸው እንዳሉ ተገደሉ። ግልበጣው ከሸፈ፤ ሥልጣኑ ግን በምክትላቸው በኦባሳንጆ እጅ ወደቀ። ሙርታላ ከመሞታቸው በፊት «ኦክቶበር 1 ቀን 1979 ለሕዝብ ምርጫ እናስረክባለን» ብለው ቀን ቆርጠው ነበር። ኦባሳንጆ ያንን ቀን እንደ ግዳጅ ተረከቡት። ሕገ መንግሥት አስረቀቁ፤ በ1978 ፓርቲዎች እንዲቋቋሙ ፈቀዱ፤ ምርጫ ተደረገ። ቀኑ ሲደርስ ሥልጣኑን ለሼሁ ሻጋሪ አስረክበው ጡረታ ወጡና ኦታ ወደሚገኘው እርሻቸው ሄዱ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ እንዲህ ያደረገ ወታደር በጣት የሚቆጠር ነው።

መምህርት፦ ክብሩ ይገባቸዋል፤ አልነሣቸውም። ነገር ግን ያ ቀን የተጠበቀው በምን ኃይል እንደሆነ እንመልከት። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ጄኔራል ያኩቡ ጎዎንም ቀን ቆርጠው ነበር። በ1976 እናስረክባለን ብለው ቃል ገቡ፤ በ1974 ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ብለው ቃላቸውን አነሡ። እምቢ ያላቸው ምክር ቤት አልነበረም፤ ዳኛም አልነበረም። በ1975 ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ካምፓላ እንዳሉ የገዛ መኮንኖቻቸው ገለበጧቸው። እንግዲህ አንዱ ጄኔራል ቃሉን አጠፈ፣ ሌላው ጠበቀ። ልዩነቱ የሕሊና ነው። የሀገር ዕጣ በአንድ ሰው ሕሊና ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ሕዝቡ ማድረግ የሚችለው ጥሩ ሰው እንዲገጥመው መጸለይ ብቻ ነው።

ኮሎኔል፦ ሕሊናን አታቃልዪው። ሕግ በሌለበት የቀረ መከታ እሱ ነው።

መምህርት፦ አላቃልለውም፤ ብቻውን አይበቃም ነው የምለው። እኚሁ ባለ ሕሊና ሰው ሥልጣን ላይ ሳሉ፣ በፌብሩዋሪ 1977፣ ወታደሮች የሙዚቀኛውን የፌላ ኩቲን ግቢ ወረሩ፤ ቤቱን አቃጠሉ። እናቱ ፉንሚላዮ ራንሰም ኩቲ ለሴቶች መብት ዕድሜ ልካቸውን የታገሉ ሴት ነበሩ። እሳቸውን በመስኮት ወረወሯቸው፤ በዓመቱ አረፉ። የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ ጥፋቱን ያደረሰው «ያልታወቀ ወታደር» ነው ብሎ ደመደመ። አዛዡና የሀገሩ መሪ አንድ ሰው ሲሆን ወታደሩን ማን ይከሰዋል? ከሳሹም ተከሳሹም ዳኛውም በአንድ የእዝ ሰንሰለት ሥር ናቸው።

ኮሎኔል፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ይህን ስትናገሪ የእኛው ሰው ትዝ አሉኝ። ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም። ኮርያ ዘምተዋል። በ1956 ዓ.ም. ሶማሊያ ድንበር ጥሳ ስትገባ የሐረሩን ሦስተኛ ክፍለ ጦር ይመሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ወታደሩ «የበረሃው አንበሳ» ነበር የሚላቸው። ከዚያ በኋላ ከጦሩ አንሥተው ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አዛወሯቸው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ግን ወታደሩ የሚያምነው ጄኔራል ያስፈልግ ነበርና ስማቸው ተጠራ። መጀመሪያ ኤታማዦር ሹም፣ ቀጥሎ የመከላከያ ሚኒስትር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ደግሞ የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀ መንበር ሆኑ።

መምህርት፦ የደርጉ አባል ግን አልነበሩም።

ኮሎኔል፦ አልነበሩም። ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ከመቶ በላይ የሚሆኑ ዝቅተኛ መኮንኖችና ባለ ሌላ ማዕርግ ወታደሮች ክብራቸውን ፈልገው አመጧቸው እንጂ ሥልጣኑን አልሰጧቸውም። አማን የኤርትራ ጉዳይ በንግግር ይፈታ አሉ፤ ሄደው ሕዝቡንም አነጋገሩ። ደርጉ ተጨማሪ ጦር ይላክ አለ። የታሰሩት ባለሥልጣናት ጉዳይም አከራከራቸው። በእነዚህ ሁሉ እምቢ አሉ። ቤታቸው ገቡና ቀሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ቤታቸው በታንክ ተከበበ፤ ተዋግተው ሞቱ። በዚያው ሌሊት ነው ስልሳ ያህል የሚባሉት የቀድሞ ሹማምንት ያለ ፍርድ የተረሸኑት። እሳቸውን የተኩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥር 26 ቀን 1969፣ በገዛ ጓዶቻቸው ተገደሉ። ሁለት ጄኔራሎች፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ዓይነት መጨረሻ።

መምህርት፦ ከዚህ የምማረው ትልቅ ነገር አለ። አማን እምቢ ለማለት ድፍረት አላነሳቸውም። ያነሳቸው እምቢታቸውን የሚያሰሙበት ስፍራ ነው። ሕገ መንግሥቱ ታግዷል፤ ፓርላማው ተበትኗል። በሊቀ መንበሩና በደርጉ መካከል የተነሣውን ክርክር የሚዳኝ አንድም ተቋም አልቀረም። መዳኛ ሲጠፋ ክርክር ወደ ታንክ ይሄዳል። ሕግ የሕዝቡ መጠለያ ነው እንላለን፤ ለጄኔራሉም መጠለያው እሱ ነው።

ኮሎኔል፦ ይህ እውነት ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው የማያስተውለውን ልንገርሽ። ሰው ወታደር ቤት ክርክር የለም ይላል። ስህተት ነው። ውጊያ ከመጀመሩ በፊት የዘመቻ መኮንኑ፣ የመረጃው፣ የስንቅና ትጥቁ ኃላፊ በአዛዡ ፊት ይከራከራሉ፤ «ጌታዬ፣ በዚህ በኩል አያዋጣንም» የሚል መኮንን አለ። ጥሩ አዛዥ ያዳምጣል። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ግን ክርክር አበቃ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው ጓዱን ያስገድላል።

መምህርት፦ በፖለቲካ ግን ዋናው ክርክር የሚጀምረው ውሳኔው ከወጣ በኋላ ነው!

ኮሎኔል፦ ለዚህ ነው ጄኔራሉ የሚቸገረው። በጀቱን ፈርሞ ሲያወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ጋዜጣው ያብጠለጥለዋል፣ ነጋዴው ያማርራል፣ ተቃዋሚው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት የኖረበት ዓለም ይህን አመፅ ነው ብሎ አስተምሮታል። ክፋት ስላለበት አይደለም የሚቆጣው፤ ሥልጠናው ነው። ይህን ከውስጡ ማውጣት ማዕርጉን ከትከሻው እንደ ማውረድ ቀላል አይደለም።

መምህርት፦ ኦባሳንጆ ከውስጣቸው ማውጣት ችለው ይሆን? ሁለተኛውን ዘመናቸውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1995 ወታደራዊው ገዢ ሳኒ አባቻ መንግሥት ሊገለብጡ አሢረዋል ብሎ አሰራቸው። ከእሳቸው ጋር የታሰሩት የቀድሞ ምክትላቸው ጄኔራል ሼሁ ሙሳ ያርአዱዋ በ1997 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። አባቻ በጁን 1998 ሲሞት ኦባሳንጆ ተፈቱ፤ በዓመቱ ምርጫ አሸንፈው ሜይ 29 ቀን 1999 ፕሬዚዳንት ሆኑ። የሚገርመው፣ የገዛ ወገኖቻቸው ዮሩባዎች በብዛት የመረጡት ተፎካካሪያቸውን ኦሉ ፋላይን ነበር። ጡረተኞቹ ጄኔራሎች ከኋላቸው ቆመዋል ብለው ጠረጠሯቸው።

ኮሎኔል፦ ሥልጣን በያዙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያደረጉትን ግን ከዚህ ጥርጣሬ ጎን አስቀምጪው። በወታደራዊ መንግሥታት ዘመን አገረ ገዢና ሚኒስትር ሆነው የፖለቲካ ሹመት የቀመሱ 93 መኮንኖችን ከጦሩ አሰናበቱ። ሹመት የቀመሰ መኮንን ተመልሶ ክፍለ ጦር ቢመራ ልቡ ቤተ መንግሥት እንደሚቀር ከማንም በላይ እሳቸው ያውቃሉ፤ ኖረውበታል። ሲቪል መሪ ቢሆን ይህን ለመድፈር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማንን እንደሚነካም አያውቅም። እንግዲህ ጄኔራል መሆናቸው ለናይጄሪያ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በናይጄሪያ ሥልጣን በወታደራዊ ግልበጣ አልተያዘም።

መምህርት፦ በዚህ እረታለሁ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ዕዳውንም ልጨምርልዎ። በ2005 ከፓሪስ ክለብ አበዳሪዎች ጋር ተስማምተው ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ከሚጠጋው ዕዳ 18 ቢሊዮኑ ተሰረዘ። ያንን ድርድር የመሩት የገንዘብ ሚኒስትሯ ንጎዚ ኦኮንጆ ኢዌላ ናቸው። ሙያ ላለው ሲቪል ቦታ መልቀቅም ጄኔራል የሚማረው ነገር ነው፤ ተምረውታል። አሁን ግን ኦዲን ያስታውሱ።

ኮሎኔል፦ ኦዲ የቱ ነው?

መምህርት፦ በነዳጅ አምራቹ የኒጀር ዴልታ፣ በባየልሳ ክፍለ ግዛት ያለ ከተማ ነው። በኖቬምበር 1999 በአካባቢው ወንበዴዎች 12 ፖሊሶች ገደሉ። ወንጀል ነው፤ ወንጀለኛ ተይዞ ለፍርድ ይቀርባል። ፕሬዚዳንቱ ጦር ላኩ። ጦሩ ከተማውን አወደመ፤ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2001፣ በቤኑዌ ክፍለ ግዛት 19 ወታደሮች ሲገደሉ በዛኪ ቢያም አካባቢ ተመሳሳይ በቀል ተፈጸመ፤ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። ጋሼ፣ እኒህ ሰው የተመረጡ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ካባና ቆብ ለብሰው ነበር ትእዛዝ የሰጡት። ፖሊስ ሊይዘው የሚገባውን ወንጀል እንደ ጠላት ምሽግ አዩት። አመሉ ልብስ ሲቀየር አብሮ አይቀየርም።

ኮሎኔል፦ ይከብዳል። አንድ ኮሎኔል ወይም ጄኔራል እንደዚያ ያለ ትእዛዝ ሲደርሰው ሲቪሉን ከጠላት ለይ ተብሎ መማሩን ማስታወስ ነበረበት። የበላዩ የቀድሞ ጄኔራል ሲሆን ግን ያን ጊዜ «ይህ ሕጋዊ አይደለም ጌታዬ» ማለት እጥፍ ይከብደዋል። ሲቪል መሪ ቢያዝ «ጦርነትን እኛ እናውቃለን» ሊለው ይችላል። የቀድሞ አዛዡን ምን ብሎ ይመልሰዋል?

መምህርት፦ በ1999 እምቢ ያለ አልተገኘም። ፍርድ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2013 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥት ለኦዲ ሕዝብ 37.6 ቢሊዮን ናይራ ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። የሞተ አይነሣም፤ ግን መንግሥት በገዛ ፍርድ ቤቱ ተከሶ ተረታ። ከ1977ቱ «ያልታወቀ ወታደር» ጋር ሲያወዳድሩት ሀገሪቱ የተጓዘችው መንገድ ይታይዎታል። ያ ጉዞ ግን ጎልቶ የታየው በ2006 ነው።

ኮሎኔል፦ የሦስተኛው ዘመን ነገር።

መምህርት፦ አዎ። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ዘመን ብቻ ይፈቅዳል። ሦስተኛ ለመጨመር የማሻሻያ ረቂቅ ቀረበ። ኦባሳንጆ እኔ አልጠየቅሁም ይላሉ፤ ደጋፊዎቻቸው ግን ያለ የሌለ ኃይላቸውን አፈሰሱበት። ክርክሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ ሕዝቡ የመረጠው ሴናተር ምን እንደሚል ከቤቱ ሆኖ ይሰማል። ሜይ 16 ቀን 2006 ሴኔቱ ረቂቁን ጣለው። የገዢው ፓርቲ አባላት ጭምር ናቸው የተቃወሙት። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያልሆነው ነገር ነው። ታንክ አልወጣም። ሴኔቱ አልተበተነም። ጄኔራሉ እምቢ ተባሉ፤ ሰሙ፤ በዓመቱ፣ ሜይ 29 ቀን 2007፣ ለኡማሩ ያርአዱዋ አስረክበው ወጡ። እስር ቤት የሞቱት የጄኔራል ያርአዱዋ ታናሽ ወንድም ናቸው።

ኮሎኔል፦ የ2007ቱ ምርጫ ግን ንጹሕ አልነበረም ይባላል።

መምህርት፦ አልነበረም። ታዛቢዎች በጽኑ ነቀፉት፤ አሸናፊው ያርአዱዋ ራሳቸው ጉድለት እንደነበረበት አምነዋል። ስለዚህ ኦባሳንጆን ቅዱስ አላደርጋቸውም። እኔ የማነጻጽረው ሁለቱን መውጫዎቻቸውን ነው። በ1979 ሲወጡ ናይጄሪያ ያመሰገነችው አንድን ሰው ነው። በ2007 ሲወጡ ግን የምታመሰግነው ተቋም ነበራት። የመጀመሪያው ስጦታ ነበር፤ ስጦታ ደግሞ በሰጪው ፈቃድ ነው። አዩት አይደል? በ1979 የተሰጠው ሥልጣን አራት ዓመት ብቻ ቆየ፤ በ1983 ማብቂያ ጄኔራል ሙሐመዱ ቡሃሪን ያመጣው ግልበጣ ወሰደው። ሁለተኛው ግን ጸና። ያው ቡሃሪ እንኳ እንደገና ሲመጡ በ2015 በድምፅ መስጫ ካርድ ነው የመጡት፤ ሥልጣን ላይ የነበረውን ፕሬዚዳንት በምርጫ አሸንፈው።

ኮሎኔል፦ ይህ ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። ኦባሳንጆ በአፍሪካ ኅብረት ስም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመውንና የትግራይን ጦርነት ያስቆመውን የሰላም ስምምነት ካሸማገሉት አንዱ ናቸው። እዚያ የሚያዙት ጦር አልነበራቸውም፤ ማድረግ የሚችሉት ማግባባት ብቻ ነበር። ከዚያ በናይሮቢ አፈጻጸሙን የፈረሙት የሁለቱ ወገን አዛዦች፣ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። ጄኔራል ታደሰ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። እንግዲህ ጄኔራል ወደ ፖለቲካ የመሻገሩ ጥያቄ የታሪክ መጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በእኛው ዘመን፣ በእኛው ሀገር አለ።

መምህርት፦ ስለዚህ ነው ሰውየውን ከመመርመር በፊት ዙሪያውን መመርመር አለብን የምለው። ማንም ይሁን፣ የየትም ይሁን። የሾመው ማን ነው? የሚያወርደውስ? በጀቱን የሚመረምር ምክር ቤት አለ? ያሰረውን ሰው ፍታ የሚል ዳኛ አለ? ከዚህ በፊት ያዘዘው ጦር አሁን የማን ነው?

ኮሎኔል፦ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ከሁሉ ትበልጣለች። አሜሪካኖች ለመከላከያ ሚኒስትራቸው እንኳ ሕግ አላቸው፤ ከጦሩ ከወጣ ሰባት ዓመት፣ ጄኔራል ከነበረ ደግሞ አሥር ዓመት ያልሞላው መኮንን አይሾምም፤ ኮንግረሱ በተለየ ሕግ ካልፈቀደለት በቀር። ጊዜው የተሰጠው ወታደሩ ሲቪል ኑሮን እንዲለምድ ነው፤ ጦሩም እሱን እንዲረሳ ነው። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። ጥሩ ቃል ነው። ወታደሩ ይህን ሲያከብር የሚያከብረው ራሱን ነው።

መምህርት፦ ታዲያ ጄኔራል ሥልጣን አይያዝ ይላሉ?

ኮሎኔል፦ አልልም። ዕድሜዬን በሙሉ ያገለገልኩት ቤት ልጅ ነውና ከዜግነት መብቱ አላወጣውም። ግን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ወደ ፖለቲካ የሚገባ ጄኔራል ትከሻው ላይ ያለውን ኮከብ ብቻ አያውርድ፤ «ትእዛዝ ወጥቷል፣ ክርክር አብቅቷል» የሚለውን ልማድም ያውርድ። እምቢ የሚለውን ሴናተር፣ የሚከሰውን ጠበቃ፣ የሚተቸውን ጋዜጠኛ እንደ ከጂ አይይ። አማን ሚካኤልን ያጣነው እንዲህ ያለ ሰው አጠገባቸው ባለመኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክር ቤት ቢኖር ኖሮ ከደርጉ ጋር በታንክ ፋንታ በድምፅ ይለያዩ ነበር፤ ቢሸነፉም ቤታቸው ገብተው ያረጁ ነበር።

መምህርት፦ እኔ ደግሞ ለሕዝቡ የምለው አለኝ። እምቢ የሚል ምክር ቤት፣ የማይፈራ ዳኛ፣ የማይታፈን ጋዜጣ ጄኔራሉ ቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ ተሯሩጠን የምንሠራቸው አይደሉም። ያን ጊዜ ዘግይቷል። የናይጄሪያ ሴኔት በ2006 እምቢ ያለው ሰባት ዓመት ሙሉ በትንሽ በትንሹ እምቢ ማለትን ስለ ተለማመደ ነው፤ በበጀት፣ በሹመት፣ በየረቂቁ። ጥሩ ጄኔራል እንዲገጥመን መመኘት መብታችን ነው። ሥራችን ግን ክፉውም ቢመጣ ሊሰብራቸው የማይችላቸውን፣ ደጉም ቢሳሳት የሚመልሱትን ተቋማት ዛሬ፣ መሪው ማንም በሆነበት ጊዜ፣ ማቆምና መጠበቅ ነው።